ቤቱ ሊቀዘቅዝ ሲል ቀድማችሁ በምን ታውቃላችሁ?

የሰርግ_ዲጄ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ሥራ የሚማሩ ልጆች አብረውኝ ይወጣሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የትኛውን ታስገባለህ? ሊስቱን ላክልን።» መላኩ አይከብደኝም፤ ግን አይጠቅማቸውም። አንዱ ቅዳሜ አዳራሹን ያናጋ ዘፈን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያስቀምጥ ስንቴ አይተናል። ዘፈኑ ያው ነው፤ የገባበት ሰዓትና የሰዉ ሁኔታ ነው የተለየው። ስለዚህ ማሽኑ ጀርባ ቆሜ ምን እንደማይ ልጻፍ፤ እናንተም ጨምሩበት፤ ካልተስማማችሁም ተከራከሩኝ።

መሀል ላይ የሚጨፍሩትን ብዙም አላይም። ሚዜዎቹና የሙሽራው አብሮ አደጎች ምንም ብትከፍትላቸው ይጨፍራሉ። እነሱን እያየ የሚሠራ ዲጄ ቤቱ የሞቀ ይመስለዋል፤ ቀና ሲል ግን ከእነሱ በቀር የቆመ ሰው የለም። የእኔ ዓይን የሚዞረው ዳር ዳሩን ነው። ከጠረጴዛው የተነሳ ግን ገና ያልገባ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ትከሻውን ሞከር የሚያደርግ። ያ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ከገባ መንገዴ ልክ ነው። ወደ ወንበሩ ከዞረ ሁለት ሦስት ዘፈን ሳይቆይ መሀሉም ይከተለዋል። ቀጥሎ የተቀመጡት እናቶች ናቸው። ጭብጨባ ከጀመሩ ለመነሳት የሚጠብቁት የሚጎትታቸው ሰው ብቻ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ካደረጉ ግን መኪና እየጠበቁ ነው።

ሰው ወደየት ዞሮ እንደሚጨፍርም አያለሁ። ፊት ለፊት ተያይቶ እየተሳሳቀ ከሆነ ጨዋታው የራሱ ሆኗል፤ ያን ጊዜ እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳለሁ። ሁሉም ወደ እኔ ወይም ወደ ካሜራው ከዞረ ግን ገና «እስቲ አሳየን» እያለ ነው።

ብዙ ሰው የማይስማማበትን አሁን ልናገር። ትኩስ ዘፈን በትኩስ ላይ መደራረብ ቤቱን ይፈታዋል። ጉራጌኛ በጉራጌኛ ላይ አራት አምስት ስትደረድር እግርም ትንፋሽም ያልቃል፤ ሰዉ እኩል ይደክመውና እኩል ይቀመጣል። አንዴ ባዶ የሆነ መሀል ላይ ደግሞ ቀድሞ መግባት የሚደፍር የለም። ስለዚህ የዲጄ ትልቁ ሥራ ሰው ሳይቀመጥ፣ እዚያው እንደቆመ እንዲያርፍ ማድረግ ነው እላለሁ። ገና ጉልበት እያለው፣ ሁሉም ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀው ለዘብ ያለ ዘፈን አስገባለሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው አብረው እየዘፈኑ ትንፋሻቸው ይመለሳል፤ መጨፈሪያውም አይራቆትም። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። ልጆቹ «ቤቱ ሲሞቅ ለምን ታወርዳለህ?» ይሉኛል። ሲሞቅ ነው እንጂ ሲቀዘቅዝማ ከየት ወደ የት ትወርዳለህ?

ክለብ_ማታ

ወንድሜ፣ የሰርጉን በደንብ ብለኸዋል፤ ክለብ ላይ ግን አልስማማም። ሰርግ ላይ መጠጡ ቀድሞ ተከፍሎበታል። ክለብ ላይ የእኔን ደሞዝ የሚያወጣው የሚሸጠው መጠጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር ያደረ ሰው ውሃ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። እኔ ስለዚህ ሆን ብዬ ሰው እለቃለሁ። ዋናው ነገር ሁሉንም በአንዴ አለመልቀቅ ነው። አፍሮቢት የሚወደው ወገን እየጨፈረ ሬጌ የሚጠብቀው ባንኮኒ ጋ ይሄዳል፤ ሬጌው ሲገባ ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ። መሀሉ ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ሞልቶ፣ ባንኮኒውም ሥራ ሳይፈታ እንዲያመሽ ነው የምጥረው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የማሟሟቂያው ሰዓት ነው። ቦሌ አካባቢ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት በቅጡ አይሞላም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ የከተማውን ትልልቅ ዘፈን ሁሉ ለሃያ ሰው አቃጥሎ የሚወርድ ዲጄ ከእሱ ቀጥሎ ለሚገባው ሰው ምንም አያስቀርለትም። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው እየተጨዋወተ እግሩን ሳያውቀው የሚያስመታው ሙዚቃ ነው፤ ማንም ሰው እንዲነሳ ሳይለመን። እሱን አሳምሮ መሥራት ትልቁን ሰዓት ከመሥራት ይከብዳል፤ ጭብጨባም የለውም።

አዲስ_ጀማሪ

እናመሰግናለን፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ጥያቄ አለኝ። ቤት ስለማመድ የፈረንጁን ሙዚቃ ላፕቶፑ ራሱ ያገናኝልኛል፤ ሁለቱም በደቂቃ 124 ምት ካሉ «ሲንክ» ስጫን ይገጥማሉ። የአማርኛውን ስሞክር ግን ይጋጫል። እሱን ለማስተካከል ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ ደግሞ ሰዉን ማየት አልችልም። መላው ምንድን ነው?

ኪቦርድ_ተጫዋች

ችግሩ ያንተ አይደለም፤ የአቆጣጠሩ ነው። ችክችካ (የአማርኛው የእስክስታ ምት) በ6/8 ነው የሚሄደው፤ እግርህ አንዴ መሬት ሲመታ በውስጡ ሦስት ትንንሽ ምት ያልፋል። ሀውሱም (የፈረንጁ የክለብ ጭፈራ ሙዚቃ) አፍሮቢቱም በ4/4 ነው፤ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ወይም አራት። ሶፍትዌሩ የለመደው ይሄኛውን ነው። በደቂቃ 120 ጊዜ እግር የሚያስመታ ችክችካ ስትሰጠው ትንንሾቹን ምቶች በሦስት በሦስት መቁጠር ሲገባው በሁለት በሁለት አቧድኖ 180፣ አለዚያም ግማሹን 90 ሊልህ ይችላል። እሱን አምነህ ሲንክ ከተጫንክ መጋጨቱ አይቀርም። ቁጥሩን ተወው፤ ራስህ በእግርህ እየመታህ ታፕ የሚለውን ቁልፍ ተጫን።

እሺ ምቱ ተስተካከለ እንበል። ያን ጊዜ የሁለቱ ዋና ከበሮ ይገጥማል፤ ቀጭኖቹ ድምፆች ግን፣ ሃይ ሃቱና ሻከሩ፣ አንዱ ሦስት አንዱ አራት እየቆጠረ ይንጫጫሉ። ከሚወጣው ዘፈን ላይ ቀጭኑን ድምፅ ዝጋ፤ ከሚገባው ላይ መጀመሪያ ወፍራሙን ከበሮ ብቻ አሳልፍ። ሁለቱ አብረው ስምንት ምት ቢቆዩ ይበቃል፤ ቢበዛ አሥራ ስድስት። ከዚያ በላይ ካቆየሃቸው ጨፋሪው እግሩን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀዱት ዘፈኖች ደግሞ ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ እየተጫወተ የተሠሩ ናቸው። ዘፋኙ ሲሞቅ ድራመሩም አብሮ ይፈጥናል። መግቢያው ላይ የገጠመልህ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይሸሽሃል፤ ስለዚህ እነዚያን በማሽን ሳይሆን በጆሮ ነው የምታገናኛቸው። ኪቦርድና ድራም ማሽን ቦታውን ከያዙ ወዲህ የመጡት እንደዚያ አያስቸግሩም።

ቅኝትንም አትርሳ። ላፕቶፑ የዘፈኑን ቁልፍ (ዜማው የቆመበትን ድምፅና ቅኝት) ሲነግርህ ሁሉንም ነገር በፈረንጁ 24 የሜጀርና የማይነር ቁልፎች ውስጥ ነው የሚከተው። ትዝታና ባቲ እንደምንም ይጠጉታል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እዚያ ሣጥን ውስጥ አይገቡም። አንቺ ሆዬ ላይ ያለ ዜማ በትዝታ ዜማ ላይ ስትደርብ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ ፊቱ ይጨማደዳል። ከበሮ በከበሮ ላይ ደርብ፤ ዜማ በዜማ ላይ አትደርብ። ይሄ ከገባህ ስክሪኑን ብዙ አትፈልገውም፤ ዓይንህም ለሰዉ ይተርፋል።

ትከሻ_ብቻ

እኔ ዲጄ አይደለሁም፤ ሰርግ ላይ መጀመሪያ ከሚነሱት፣ መጨረሻ ከሚቀመጡት ነኝ። ከእኛ በኩል ያለውንም ስሙ።

እስክስታ ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ ትከሻ ብቻ ነው፤ ዘፈኑን እያዳመጥሽ፣ ቀስ እያልሽ። ከዚያ ደረት ይገባል፣ አንገት ይከተላል። ፊት ለፊትሽ ያለችው አንድ ነገር ታሳይሻለች፣ አንቺ ትመልሺላታለሽ፣ እሷ ትጨምርበታለች። በርከክ ብለን እየተንቀጠቀጥን ወርደን ልንነሳ ስንል ዲጄው ይቆርጠዋል። አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ! ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ የሰው ትከሻ ገና ሊፈታ እንደሆነ አያይም? ዘፈን ቶሎ ቶሎ መቀያየር አሁን የችሎታ መለኪያ ሆኗል። ለእኛ ግን ገና ያልጨረስነውን ጨዋታ ከእጃችን መቀማት ነው።

ትግርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ክብ ሠርተን በዝግታ እየዞርን የምንጠብቀው ከበሮው የሚደረብበትን ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ ክቡ ይቆማል፣ ሰዉ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ያለው ጉልበት ሁሉ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ስንዞር የቆየነው ለእሱ ነው። እሱ ሳይደርስ ወደ አማፒያኖ (የደቡብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ) የሚሄድ ዲጄ አጋጥሞኛል። ሰዉ ባለበት ቆመ፣ ተያየ፣ ሄዶ ተቀመጠ። ደክሞት እንዳይመስላችሁ።

ማይኩንም ተዉልን። ዘፋኙ እየዘፈነ በላዩ «እጃችሁን ወደ ላይ! አልሰማኋችሁም!» እየተባለ መጨፈር አይቻልም።

ከቨርጂኒያ

እህቴ ትከሻ_ብቻ፣ የከበሮውን ነገር ስታነሺ የሂፕ ሆፕን መነሻ ነው የተናገርሽው። ዲጄ ኩል ኸርክ የሚባለው ጃማይካ የተወለደ ወጣት እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ እህቱ ባዘጋጀችው ፓርቲ ላይ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያስተዋለው ነገር ቢኖር ጨፋሪዎቹ ዘፈኑን በሙሉ እኩል እንደማይጨፍሩት ነው። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮውና ባሱ ብቻቸውን የሚቀሩባት አጭር ቦታ አለች፤ ምርጡን እንቅስቃሴያቸውን የሚያወጡት እዚያች ቦታ ላይ ነው። እሱም ተመሳሳይ ሁለት ሸክላ ገዝቶ፣ አንዱ ላይ ያቺ ቦታ ስታልቅ ሌላው ላይ ከመጀመሪያዋ እያስነሳ ያረዝማት ጀመር። የዓለምን ሙዚቃ የቀየረው ነገር የመጣው አንድ ዲጄ ቀና ብሎ የሰዉን እግር ስላየ ነው። እኛ ደግሞ ያቺኑ ቦታ ቆርጠን እንጥላለን!

እኔ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ያለው ፈተና ትንሽ ይለያል። ግማሹ እድምተኛ አበሻ ነው፤ ግማሹ የሙሽሮቹ የሥራ ባልደረባና የትምህርት ቤት ጓደኛ። አሜሪካኖቹ እስክስታውን ሲያዩ ይደነቃሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፣ ግን አይገቡም፤ ያፍራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የማስገባላቸው ትግርኛ ነው። ክብ ሠርቶ መራመድ ማንም ይችላል፤ ከፊቱ ያለውን እየተከተለ ይዞራል። አንዴ ክቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ትከሻውን ራሱ ይሞክራል፣ የሚያስተምረውም አያጣም። በአማርኛ ፈጣን ዘፈን የጀመርኩ እንደሆነ ግን ሁለት ጎራ ሆነው ያመሻሉ።

አዳራሹ ደግሞ ኮንትራት አለው። ስድስት ሰዓት ከተባለ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ይበራል። አበሻ ደግሞ አርፍዶ ነው የሚመጣው፤ የማሟሟቂያ ጊዜ አይተርፍም። እዚህ ያለን ዲጄዎች ትልቁ ችግራችን ይሄ ነው። መፍትሄ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።

ድግስ_አዘጋጅ

ዲጄዎቹ ሁሉንም ነገር ከሙዚቃ ጋር ታያይዙታላችሁ። እኔ አሥር ጊዜ የማየው ችግር ሌላ ነው። ክትፎና ጥሬ ሥጋ በልቶ የጨረሰ ሰው ወዲያው አይጨፍርም፤ የፈለገውን ብትከፍቱለት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ኬክ ቆረሳውን፣ ንግግሩን፣ ምርቃቱን ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዲጄው ቀድሞ አብሮኝ ካልተነጋገረ ትልልቁን ዘፈን ያን ጊዜ ያባክነዋል።

ከዚህ የባሰው ፎቶ አንሺው ነው። ጭፈራው በሞቀበት ሰዓት ሙሽሮቹን ለፎቶ ይዟቸው ይወጣል። ሙሽራና ሙሽሪት ከመሀል ሲጠፉ ዘመድ ለማን ይጨፍራል? ሽማግሌዎቹም «በሉ እንግዲህ» ብለው ይነሳሉ። እኔ አሁን ከፎቶ አንሺዎቹ ጋር ስስማማ ፎቶው ከምግቡ በፊት እንዲያልቅ አደርጋለሁ።

የቦታ አቀማመጥም አለ። መጨፈሪያው ሲሰፋ ሃምሳ ሰው ቆሞበት ባዶ ይመስላል። ሰፊ አዳራሽ ሲሆን ጠረጴዛዎቹን አስጠግቼ አጠበዋለሁ። አሮጊቶቹን ከስፒከሩ አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው፤ ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ድግሱ የጨፋሪዎቹን ያህል የእነሱም ነው፤ እነሱ ቀድመው ከወጡ የሚወስዳቸው ልጅም አብሮ ይወጣል። አንዲት አያት ስትነሳ ስድስት ሰው ይነሳል።

ሳውንድ_ሰራተኛ

እህቴ ድግስ_አዘጋጅ ስለ ስፒከሩ ያነሳሽው ላይ ልጨምር። ዲጄ ገና ሲጀምር ድምፁን ጫፍ ላይ ካደረሰው በኋላ ወዴት ይሄዳል? ማታውን በዝግታ ነው መጨመር ያለበት፤ ሰዉም ሲበዛ ድምፁን ስለሚውጠው ያን ጊዜ ጭማሪው ያስፈልጋል። ሚክሰሩ ላይ ቀዩ መብራት መብራት ከጀመረ ድምፁ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ቀጭን ቀጭኑን ያበዛዋል፤ ጆሯችን ደግሞ በጣም የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ሰዉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይሰለቸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ወደ ውጭ ይወጣል። ዲጄውም ቤቱ የቀዘቀዘው በዘፈኑ ይመስለዋል።

ባሱ ላይ አትሰስቱ። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት አለ። በእውነተኛ ኮንሰርት ላይ ሰው በጆሮው ለይቶ የማይሰማው እጅግ ወፍራም ባስ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየ2.5 ደቂቃው እያበሩ እያጠፉ የታዳሚውን እንቅስቃሴ ለኩ። ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰዉ 11.8 በመቶ የበለጠ ተንቀሳቀሰ፤ መብራት መጥፋታቸውን ሳያውቅ። ስለዚህ ጥሩ ሰብ ዉፈር (የባስ ስፒከር) ተከራይታችሁ ወደ መጨፈሪያው አዙሩት፤ ቀጭኑን ድምፅ ከጠረጴዛዎቹ አርቁት። መሀል ላይ ያለው ደረቱ ላይ ይሰማዋል፣ ዳር ያለው ደግሞ ያወራል።

ለራሳችሁም አስቡ። የሠራተኛ ጤና መመሪያዎች 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። በየሳምንቱ አምስት ስድስት ሰዓት እዚያ መሀል የሚቆም ዲጄ የጆሮ መከላከያ ካላደረገ ጆሮውን ነው የሚያጣው። ጆሮው የደከመ ዲጄ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ እየጨመረ ሰዉንም ያሳምማል።

ፒያሳ_ሸክላ

ልጆች፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። እኛ በሸክላ ጊዜ የጀመርን ነን። 45ቱ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው) ሸክላ በአንድ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ ነው የሚይዘው፤ አንዱን አውጥተህ ሌላውን እስክታስገባ ሰዉን የምታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ዘፈኑን ቀድመህ በቴፑ ቆጣሪ ላይ አስተካክለህ፣ መጀመሪያው ላይ አቁመህ ማስቀመጥ ነበረብህ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድመህ ስለምታዘጋጅ ሰዉ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚፈልግ መገመት ግድ ነበር። አሁን ሃያ ሺህ ዘፈን በኪስ ይዞ በሁለት ሰከንድ ማውጣት ስለሚቻል ያ መገመት ቀረ።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ፓርቲ የሄደ ሰው እስኪነጋ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ በሩ ይዘጋና እዚያው ይታደራል። የሚሄድበት ስለሌለው ሙዚቃ አጫዋቹ ሌሊቱን ማካፈል ነበረበት። ሞቅ ሞቅ ያለው መጀመሪያ ላይ ካለቀ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲያንቀላፋ ታገኘዋለህ። ስሎው የምናስገባው ለፍቅረኞች ብቻ አልነበረም፤ ልክ የሰርግ_ዲጄ እንዳለው ሰው ቆሞ እንዲያርፍ ነው። ዛሬ ስሎው የሚያጫውት አላይም። ለምን ተዋችሁት?

ከእኔም ከእናንተም የሚበልጠው ግን አዝማሪ ነው። አንድ ማሲንቆ ይዞ ይገባል፤ ሊስት የለው፣ ስፒከር የለው። ከአስተናጋጁ ጠጋ ብሎ የእንግዳውን ስምና አገር ይጠይቃል። ሁለት ስንኝ ወርውሮ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደተኮሳተረ ያያል። የሳቀው ላይ ይጨምራል። የተኮሳተረውን በአያቱ ጀግንነት ያነሳዋል። «ተቀበል!» የሚል ሰው ሲመጣ የሰውየውን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ የእሱ ነው። ሥራ የሚማሩት ልጆች አዝማሪ ቤት ገብተው አንድ ምሽት ዓይኑን ብቻ ይከታተሉ። ጣቱን አይደለም፣ ዓይኑን።

የሰርግ_ዲጄ

ጋሼ፣ ስለ አዝማሪው በጣም አመሰግንዎታለሁ፤ ልጆቹን እወስዳቸዋለሁ። ስሎውን የተውነው ሰዉ በወላጆቹ ፊት ተቃቅፎ መደነስ ስለሚያፍር ይመስለኛል። በእሱ ምትክ የገባው አብሮ የሚዘፈነው ለዘብ ያለ ዘፈን ነው። ግን እርስዎ ካሉ ለሙሽሮቹ ወላጆች አንድ የድሮ ስሎው ማስገባት ይቻላል፤ ወጣቱም ቆሞ ያጨበጭባል፣ እሱም ያርፋል።

ትከሻ_ብቻ፣ ስለ መቁረጡ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቶሎ የሚቆረጠው ስልክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ከለመድን ወዲህ ነው፤ ዲጄው ሰዉ እንዳይሰለቸው ይፈራል። እስክስታ ላይ ግን ዘፈኑ ማሳረጊያው ድረስ መሄድ አለበት። ማይኩን በሚመለከት፣ እኔ የማነሳው ሙሽሮቹን ለማስገባትና የጠፋ መኪና ቁልፍ ለማስነገር ነው።

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ቋንቋ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ወላይታው አብሮ ተቀምጧል። ያለፉት ዓመታት ቁስል ደግሞ ገና ትኩስ ነው። የራሱ ዘፈን ሳይገባለት ያመሸ ጠረጴዛ ሆዱ ይብሰዋል፤ ምንም አይልህም፣ ግን አይነሳም። ይሄ እንደ ቴምፖ የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሰርጉ በፊት ለሁለቱም ቤተሰብ ደውዬ ከየት ከየት እንግዳ እንደሚመጣ፣ ማን የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ እጠይቃለሁ። አንዱን ቋንቋ አንድ ብቻ ጣል አድርጎ ማለፍም ንቀት ይመስላል፤ ሁለት ሦስት አከታትዬ አስገባለሁ፣ ተነስተው እስኪሞቃቸው። የራሱ ዘፈን ላይ የጨፈረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው የጎረቤቱ ሲሆን አይቀመጥም፣ አብሮ ይጨፍራል። ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም ይሄን ነው።

ከቨርጂኒያ፣ የሰዓቱ ነገር እኛንም ያስቸግረናል። እንግዳ ሲያረፍድ እኔ ማሟሟቂያውን ወደ ምግቡ ሰዓት አስገባዋለሁ። ሰዉ እየበላ መሣሪያ ብቻ ያለው ሙዚቃ እጀምራለሁ፤ ቡናው ሲመጣ ዘፈን ያለበት፤ ከዚያ ቀጥታ ሙሽሮቹን አስነሳለሁ።

አዲስ_ጀማሪ

ይሄ ሁሉ ሳይቀዘቅዝ ነው። ቤቱ አንዴ ከተራቆተስ? ሁሉም ተቀምጦ አንድ ሰው ካልቀረ ምን ይደረጋል?

ክለብ_ማታ

ክለብ ላይ ከሆነ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ በአንዴ ግባ። አፍሮቢት ላይ ከተራቆተ በአፍሮቢት አትመልሰውም። አንድ ትልቅ ዘፈን ለእንደዚህ ያለ ሰዓት ሁልጊዜ አስቀምጥ፤ ቀድመህ አትንካው። መብራቱንም ቀንስ፤ ሰው በብርሃን ባዶ መሀል አይገባም።

የሰርግ_ዲጄ

ሰርግ ላይ ባዶ መሀልን ዘፈን ብቻውን አይሞላውም። ረዳቴ ማሽኑ ላይ ይቆምና እኔ እወርዳለሁ። የሙሽሪትን እናት ወይም አንዷን አክስት በአክብሮት እለምናለሁ፤ «እማማ፣ ልጅዎን ይሸኙልኝ እንጂ» ብዬ። የባህሉን የሰርግ ዘፈን ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ያለውን እንከፍታለን። እሳቸው ሲነሱ እህቶቻቸው ይነሳሉ፣ እልልታው ይመጣል፣ ሚዜዎቹ ከውጭ ሮጠው ይገባሉ። ከዚያ ቶሎ ብለህ ትልቁን ዘፈን አታስገባ። እናቶቹ መሀል ላይ እስካሉ ድረስ በእነሱ እርምጃ ቆይ።

ድግስ_አዘጋጅ

ጥር ላይስ? ሰዉ ከሁዳዴ በፊት ሁሉንም ሰርግ ስለሚደርበው እድምተኛው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አዳርሶ ነው የሚደርሰን። ገና ሲገባ ጫማው እየቆረጠመው ነው።

የሰርግ_ዲጄ

እውነት ነው፣ ጥር ለብቻው ነው። እኔ ጥር ላይ በር ላይ ቆሜ እንግዳው ሲገባ አያለሁ፤ እጁ ላይ የሌላ ሰርግ አበባ ካለ፣ ልብሱ ከተጨማደደ፣ ሴቶቹ በሸራ ጫማ ከመጡ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ ለዘብ አድርጌ እይዘዋለሁ። ጉራጌኛውን ወደ ማታው መጨረሻ፣ ወጣቱ ብቻ ወደሚቀርበት ሰዓት እገፋዋለሁ። አንቺም ብትችይ በየጠረጴዛው ውሃ አስቀድመሽ አስቀምጪልን፤ ውሃ ፍለጋ የወጣ ሰው በረንዳ ላይ ወሬ ይይዘዋል፣ እሱን መመለስ ይከብዳል።